አንበሳ ያለበት ማውዘር ጠመንጃ ገዝቼ ጥቁሩን በሎሚ አበላሸሁት፤ ምን ላድርግ?

የሰላሌ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ወገኖች። ጠመንጃ ላይ ጀማሪ ነኝ። ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ ሳቁ፣ ግን መልሱልኝ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገር ቤት ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ መጥተው ይሸጣሉ። እኔም ባለፈው ወር አንዱን ገዛሁ። የቤልጂግ ማውዘር ነው። ጃንሆይ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ቤልጂግ አገር ሄርስታል ካለው ከኤፍ ኤን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ካስመጧቸው አንዱ። አናቱ ላይ አንበሳው ተቀርጾበታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የገዛሁት ለአንበሳው ብዬ ነው።

ካርቶኑን ስከፍት የድሮ ጋራዥ ሸተተኝ። የደረቀ ግራሶ፣ አቧራ፣ ጭስ። ሁለት ምሽት በጨርቅ ስወለውለው ከሥሩ የሚያምር ጥቁር ወጣ። መብራት ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚህ አገር ብሉዊንግ ይሉታል። እዚህም እዚያም ግን የዛገ ቦታ አለ።

አያቴ ቤት መስቀሉም ትሪውም በሎሚ ነበር የሚታሸው። እኔም ሎሚ ቆረጥኩና የዛገውን አንዱን ቦታ አሸት አሸት አደረግኩት። ዝገቱ ሄደ። ጥቁሩም አብሮት ሄደ። የሁለት ጣት ስፋት ያላት ቦታ እንደ ማንኪያ ነጥታ ቀረች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ እሷው ነጯ ቦታ ላይ ብርቱካንማ አዲስ ዝገት ጉብ ብሎ ጠበቀኝ።

ሙሉውን እንደገና ላስጠቁረው? አንድ ሱቅ አሸብርቆ አዲስ ሊያስመስልልኝ ቃል ገብቷል። ወይስ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ማጥቆሪያ ራሴ ልቀባው? የማስቀምጠው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ምን ዓይነት ዘይትስ ይሻላል?


ጋሼ ግምጃ ቤት (ኮሎራዶ)፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሎሚውን ለሰላጣ አድርገው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ባዶ መሆኑን አረጋግጠሃል? በዓይንህ ብቻ አይደለም። መዝጊያውን ከፍተህ ትንሿን ጣትህን ጥይት ማደሪያው ውስጥ ክተት። በሄድክበት ቁጥር፣ ባነሳኸው ቁጥር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በጦር መሣሪያ ጥገና ስሠራ ያየሁት አደጋ ሁሉ «ባዶ ነው» በተባለ መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ እንምጣ። ቀለም መስሎህ ይሆናል። ቀለም አይደለም፣ ራሱ ብረቱ ነው። ዝገት ነው ብልህም አልዋሸሁም። ብረት ሲዝግ ሁለት መልክ አለው። ቀዩ ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። ጥቁሩ ደግሞ፣ ማግኔታይት የሚሉት፣ ብረቱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። የድሮ ባለሙያዎች ሆን ብለው አሲድ ቀብተው እርጥበት ባለበት ክፍል ያሳድሩታል። ቀይ ይዝጋል። ያንን በፈላ ውሃ ይቀቅሉታል፣ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ከዚያ በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ የላላውን ጠርገው እንደገና ይቀቡታል። አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ጊዜ ይደጋገማል። ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። ኋላ ፋብሪካዎች ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ጨው አንድ ላይ አፍልተው፣ 140 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በደቂቃዎች ማጥቆር ጀመሩ። ያኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው፤ ቢረጭብህ ዓይንህን ያጠፋል።

በሎሚ ያነሳኸው እንግዲህ ያንን ነው። የሎሚ አሲድ ቀዩንና ጥቁሩን አይለይም፤ ሁለቱም ዝገት ናቸውና ሁለቱንም ያሟሟል። አቼቶም እንደዚያው ነው፣ ኮካም እንደዚያው፣ በሱቅ የሚሸጠው ዝገት ማስለቀቂያም እንደዚያው። ለማጭድ ጥሩ ነው። ለጠመንጃ አይሆንም።

ሌላም ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጥቁሩ ብቻውን ዝገት አይከለክልም። በጣም ስስ ነው፣ ደቃቅ ቀዳዳዎችም አሉት። ዋናው ጥቅሙ ዘይት መያዙ ነው። የእናትህን ምጣድ አስበው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይይዝበታል። ቅባቱ ሸክላው ውስጥ ይገባና ነው የሚሠራው። የጠመንጃም ጥቁር እንደዚያ ነው፤ ቅባት ከያዘ ይጠብቅሃል፣ ከደረቀ ጌጥ ብቻ ነው። አንተ የተሟሸውን ምጣድ በአሸዋ ፈትገህ አሳደርከው፣ ማታውን ዛገ።

ሱቁ ላቀረበልህ ነገር መልሴ አጭር ነው፦ አታድርገው። እንደገና ለማጥቆር መጀመሪያ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀትና በማሽን መሞረድ አለባቸው። ያ ማሽን ፊደል አያውቅም። የፋብሪካውን ጽሑፍ ይበላል፣ የቁጥሩን ጠርዝ ያደበዝዛል። አንድ ሰው እንደዚህ «ታድሶ» የመጣለትን አሳየኝ። ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል። አንበሳው ግን ውሻ መስሎ ቀርቷል። ላሳየኝ ሰው ምን ልበለው? «ያምራል» አልኩትና ቡናዬን ጠጣሁ። ሰብሳቢዎች ደግሞ ያረጀውን በአረጀበት መልኩ ነው የሚፈልጉት፤ የታደሰ የጦር ጠመንጃ ዋጋው ይወድቃል።

የጠርሙሱ ማጥቆሪያ ለዚያች ለሁለት ጣት ቦታ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። አብዛኛው ሴሌኒየምና መዳብ ያለበት ውህድ ነው። ሴሌኒየሙ መርዝ ነው፣ ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። ቦታውን በአሴቶን ከቅባት አጽዳው። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው። በጥጥ ቀብተህ ጥቂት ጠብቅ፣ በውሃ አጥራው፣ አድርቀው፣ ወዲያው ዘይት ቀባው። ከቀረው ጋር አንድ አይሆንም፣ ቶሎም ይለቃል። እኔ ብሆን እንዲያውም አልነካውም። ዘይት እየቀባህ ተወው፣ በራሱ ጊዜ ቡና መልክ ይይዛል።

የቀሩትን የዛጉ ቦታዎች እንዲህ አድርግ። ቀጭን ዘይት ቀብተህ አሳድረው። በማግስቱ አራት ዜሮ የሚባለውን፣ በጣም ለስላሳውን የብረት ሽቦ፣ ዘይት አጥግበህ ቀስ ብለህ እሸው። የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ አላልኩም! ከዚያ ጨርቁን እይ። ጨርቁ ላይ ቀይ ቡናማ ከወጣ የወጣው ዝገት ነው፣ ቀጥል። ግራጫ ወይ ጥቁር መውጣት ከጀመረ ያነሳኸው ብሉዊንጉን ነው፣ እጅህን ሰብስብ። ጠጠር ያለችውን የዝገት ነጠብጣብ ደግሞ ከ1982 በፊት በተመታ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ጠርዝ፣ በዘይት እያረጠብክ ፋቃት። የድሮው ሳንቲም 95 በመቶ መዳብ ነው። መዳብ ከብረቱ ይለሰልሳል፤ ዝገቱን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭርም። ኪስህ ውስጥ ያለው አዲሱ ግን ዚንክ ሆኖ መዳብ የተቀባ ነውና አይሆንም።

ሲያልቅ በባዶ እጅህ አትያዘው። ይህን ከምን እንደተማርኩ ልንገርህ። አንድ መኮንን ዓርብ ማታ ሽጉጡን አስረክቦ ወጣ። ሞቃት ቀን ነበር። እኔም ሰነፍኩ፣ ሳልወለውል መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ስከፍተው ጎኑ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ በዝገት ታትሟል። መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። አለቃዬ አየውና «ይህን ለመታወቂያ ላክለት» አለኝ። ላባቸው ከሌላው ሰው የባሰ ብረት የሚያዝግ ሰዎች አሉ። አንተም ከነሱ አንዱ መሆንህን አታውቅም። ዘይት የነካ ጨርቅ አጠገብህ ይኑር፣ ከነካኸው ጠርገህ አስቀምጥ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።


የማርቆሷ (ለንደን)፦

ጋሼ፣ አነጋገርዎ አባቴን አስታወሰኝ፤ እኔም ልጠይቅዎት። አባቴ ምንሽር ነበራቸው። ከምድጃው በላይ፣ ከምሰሶው ላይ ነበር የሚሰቀለው። ሁልጊዜ ለጥምቀት ሰሞን ያወርዱትና ቅቤ ይቀቡት ነበር። ቅቤ ከሌለ የኑግ ዘይት። በጋቢያቸው ጠርዝ ሲወለውሉት ማንም አያናግራቸውም። እኛ ልጆች ደጃፍ ላይ ተደርድረን እናያለን።

አሁን ወንድሜ ፈቃድ አውጥቶለት እሱ ጋ ነው ያለው። ባለፈው ስሄድ አየሁት። መዝጊያው አካባቢ የደረቀ ሙጫ የመሰለ ነገር ይዟል፣ በጥፍር ቢፋቅ አይለቅም። የቆዳ ማንገቻው ብረቱን በሚነካበት ደግሞ ልክ የማንገቻው ቅርጽ ያለው የዝገት መስመር አለ። አባቴ ተሳስተው ነበር ማለት ነው?


ጋሼ ግምጃ ቤት፦

እህቴ፣ አባትሽ አልተሳሳቱም። ያላቸውን ቀቡ። ምንም ካለመቀባት ቅቤ ይሻላል፤ ይኸው ጠመንጃው ደርሶልሻል። ችግሩ ቅቤ ሲቆይ ይበላሻል፣ ሲበላሽም አሲድ ያወጣል። ኑግ ደግሞ አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ነው። ሙጫ የመሰለሽ እሱ ነው፣ የደረቀ ኑግ። ወንድምሽ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀብቶ ትንሽ ያቆየው፣ እየላላ ይመጣል። በቢላ እንዳይፍቀው አደራ። ጋዙ ብረቱን አድርቆ ስለሚተወው ወዲያው የማሽን ዘይት ይቀባ። እሳትና ሲጋራ ካለበት ደግሞ ይራቅ።

ቆዳው ነው ዋናው ጠላት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበትም ጊዜ የቀረ ጨውና አሲድ ይኖርበታል። ማንገቻውን ፈታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ሽጉጥን በቆዳ አፎት ውስጥ የሚያሳድር ሰው ሁሉ ይህን ይስማ።


ብርዱ (ሚኒሶታ)፦

የሰላሌ ልጅ፣ እኔ ስለ ጥቁሩ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ብርድ ግን ጠይቀኝ። ኅዳር ላይ አጋዘን አደን እንወጣለን። መጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ውዬ ማታ ቤት ገባሁና ጠመንጃዬን ከቦርሳው አውጥቼ ሶፋው ላይ አጋደምኩት። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ከፍሪጅ እንደወጣ የቢራ ጠርሙስ ላብ በላብ ሆኗል። ጠረግኩት፣ እንደገና አላበው። መዝጊያው ውስጥ ግን አልጠረግኩም ነበር። በሳምንቱ ዛገ።

አሁን እንደገባሁ ከነቦርሳው ኮሪደር ላይ ትቼው እተኛለሁ። የቤቱን ሙቀት ሳይይዝ አልከፍተውም። ጠዋት አውጥቼ እፈታዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ። ግን ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት እኮ አይደለም። ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ለጉዞ ነው፤ ስፖንጁ እርጥበት ይዞ ሳምንት ሙሉ ከብረቱ ጋር ያሳድረዋል።

የቨርጂኒያ ቤዝመንት ደግሞ በሙቀቱ ወራት ካልሲ እንኳ አያደርቅም። እርጥበት መለኪያ ግዛ፣ ርካሽ ነው። ከ50 በመቶ በታች ይሁንልህ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሿ «አትብሉ» የምትል ከረጢት አለች አይደል? የሷን ትልቅ ወንድም ካዝናው ውስጥ አስቀምጥ። ብረቱን እንዳትነካው ብቻ። እርጥበት ስትጠግብ ቀለሟን የምትለውጥ አለች፣ ምድጃ ውስጥ ታደርቃትና መልሰህ ትጠቀማለህ። ሚስቴ አንድ ቀን ዳቦ መስሏት ምድጃውን ከፈተችው፣ እሱን ሌላ ጊዜ።


የሰላሌ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሎሚው ተሰደደ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ጋራዥ ውስጥ ደብሊው ዲ 40 አለኝ፣ እሱ አይበቃም? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ የ1950ዎቹ ጥይት ሰጥቶኛል፤ አንድ ሁለት ልሞክርበት አስቤያለሁ።


ጋሼ ግምጃ ቤት፦

የስሙ ትርጉም ራሱ ይነግርሃል። ደብሊው ዲ ማለት ውሃ ማባረር ነው፤ 40 ደግሞ የተሳካው አርባኛው ቅመማ መሆኑ ነው። ዝናብ ካገኘው እሱን ርጭበት፣ ውሃውን ያስወጣል። ከዚያ ጠርገህ እውነተኛ የጠመንጃ ዘይት ቀባ። እሱ ብቻውን ይተናል፣ የሚቀረውም ስስ ነው። እኔ ባሊስቶል እወዳለሁ። ጀርመኖች ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሚሠሩት ነው፣ እንጨቱንም አይጎዳም። ሽታውን ግን ሚስቶች አይወዱትም፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ብዙ አትቀባ። ጣትህን ብታስኬድበት የጣትህ መንገድ የሚታይ ከሆነ በዝቷል። የተረፈው ወደ እንጨቱ ወርዶ ሰደፉን ያጠቁረዋል፣ ያለሰልሰዋል።

ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ከሆነ ሰም ይሻላል። ረኔሳንስ ዋክስ የሚባል አለ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1950ዎቹ ለቅርሶች ብሎ ያወጣው። መጀመሪያ ቅባቱን አጽዳ፣ በቀጭኑ ቀባ፣ ትንሽ ሲቆይ በጥጥ ጨርቅ ወልውል። አቧራ አይይዝም፣ የጣት አሻራም አያልፈውም። አንበሳው ላይ እሱን አድርግበት።

ጥይቱን በተመለከተ ቆም በል። መጀመሪያ ጠመንጃውን ባለሙያ ይየው። ዘጠና ዓመት ያለፈው መሣሪያ ነው፣ መዝጊያውና አፈሙዙ አብረው የተወለዱ መሆናቸውን እንኳ አታውቅም። ተለክቶ ደህና ከተባለም የዚያ ዘመን ወታደራዊ ጥይት ብዙው ማቀጣጠያው ጨው የሚተው ነው። ስትተኩስ የሚቀረው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፣ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ። ከአየር እርጥበት ይስባል። ሰዎች ዘይት ይቀቡና ያጸዱ ይመስላቸዋል፤ ጨው ግን በዘይት አይሟሟም። በውሃ ነው። የፈላ ውሃ በአፈሙዙ አውርድ፣ መዝጊያውንም እጠብ። ትኩሱ ብረቱን ቶሎ ያደርቀዋል። ከዚያ ዘይት። ይህን የምታደርገው በዚያኑ ዕለት ማታ ነው፣ ነገ አይደለም።

እኛ ዘንድ አዲስ ምልምሎች «ጠመንጃ በውሃ?» ብለው ይደነግጡ ነበር። አንዱ እንዲያውም የምቀልድበት መስሎት ሳያጥብ ትቶ ሄደ። በሳምንቱ አፈሙዙን ወደ መስኮት አዙሬ ውስጡን አሳየሁት። የበርበሬ ወንፊት ይመስል ነበር። ምንም አልተናገረም፣ ዞሮ ማንቆርቆሪያውን ጣደ።


የሰላሌ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ተመለስኩ። ጥይቱን ለጓደኛዬ መለስኩለት። ጠመንጃው ከቤዝመንት ወጥቶ መኝታ ቤት ካዝና ገባ። እርጥበት መለኪያው ታች 68 ነበር ያሳየኝ፣ እዚህ 44 ነው።

አራት ዜሮውን ይዤ ሦስት ማታ ሠራሁ። እንዳሉት ጨርቁን እያየሁ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ከዚያ ግራጫ ብልጭ ሲል እጄን ሰበሰብኩ። ያቺን የነጣች ቦታ ትቻታለሁ። ዝገቷ ወጥቶ አሁን ዘይት ጠጥታለች፣ ትንሽ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምራለች።

አንድ ነገር ግን አገኘሁ። ከምላጩ በታች ግራሶው ሲነሳ ከሥሩ ብረቱ ላይ በሚስማር የተጫረ ነገር አለ። አንድ ፊደል ናት፣ «ገ»። ከጎኗ ሁለት ነጥብ። ፋብሪካው የጻፋት አይደለችም፣ ጠማማ ናት። ጭረቷ ውስጥ ትንሽ ቀይ ዝገት አለ። እሷን እንዴት ላጽዳት?


ጋሼ ግምጃ ቤት፦

በሽቦ እንዳትነካት። የጥርስ ሳሙና ያልነካው ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግክ። የወጣው ይውጣ፣ የቀረው ይቅር። ሲደርቅ ሰሙን ቀባባት፣ በቀጭኑ። ፎቶ ልትልክልኝ ትችላለህ?